ሳጥኑ መጣ፣ መምህሩ ጥግ ቆመ፦ ከአቡጊዳ እስከ ፕላዝማ፣ ከፕላዝማ እስከ ስልካችን

በ1997 የትምህርት ዘመን ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ሠላሳዎቹን አጋምሷል። ይህን ቻናል ከምትከታተሉት መካከል ብዙዎቻችሁ የዚያ ዘመን ተማሪዎች ናችሁ፤ ነገሩን ታስታውሱታላችሁ። በዚያ ዓመት በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ ሰፊ ስክሪን ቆመ፣ ግቢው ውስጥ የሳተላይት ዲሽ ተተከለ። ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ እና ሥነ ዜጋ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይተላለፉ ጀመር። ለአስተማሪው በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ተተወለት። መሐሉን፣ ሠላሳ ደቂቃ ያህል፣ ሳጥኑ ወሰደው። «የፕላዝማ ትውልድ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

ዓላማው ክፉ አልነበረም። ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ይከፈቱ ነበር፤ ብቁ የፊዚክስና የሂሳብ መምህር ግን በዚያው ፍጥነት አይወጣም። በገጠር ያለ ልጅና በአዲስ አበባ ያለ ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት ያግኙ የሚለው ሐሳብ ማንም የሚቃወመው አይደለም። ታዲያ ለምን እንደታሰበው አልሆነም? ስንጠየቅ ቶሎ የምንመልሰው «መብራት ይጠፋ ነበር፣ የደቡብ አፍሪካዎቹ አነጋገር አይገባንም ነበር» ብለን ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ጥያቄው ግን ከመብራትም ከአነጋገርም በላይ ነው።

በትምህርት ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ የዕውቀት ዘርፎች ያጋጥሙታል። አንዱ ስለ መሣሪያው ነው፤ የትምህርት ቴክኖሎጂ ይሉታል። ሌላው ስለ ተማሪው አእምሮ ነው፤ የመማር ሥነ ልቦና ይሉታል። አንዱ «በምን እናድርሰው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው «ልጁ ውስጥ ምን ይሆናል?» ይላል። የእኛ አገር የትምህርት ቴክኖሎጂ ታሪክ፣ እኔ እንደማየው፣ የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መራራቅ ታሪክ ነው። ሲገናኙ ርካሹ መሣሪያ ሠርቷል። ሲለያዩ ውዱም አልረዳን። ይህን በታሪክ ላሳያችሁ።

■ አቡጊዳን ማን አሰበው?

ከሁሉም በፊት የነበረውን መሣሪያ እንይ። ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን ፊደል ገበታውን ይዞ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ ይጀምራል። ዜማ ለማስታወስ ይረዳል፤ አደጋም አለው። ልጁ ፊደሉን ሳያውቅ ዜማውን ብቻ ሊያውቅ ይችላል። ከመሐል አንዷን ነጥላችሁ «ይቺ ማን ናት?» ብትሉት ከሀ ጀምሮ እያዜመ ካልሄደ አይደርስባትም።

የኔታ ይህን ያውቁታል። ስለዚህ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ልብ በሉ። አ ግዕዝ ነው፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ። የፊደሉ ተራም የድምፁ ቤትም በአንድ ጊዜ ተበወዘ። ልጁ በዜማ መደገፍ አይችልም፤ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ማወቅ ይኖርበታል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቢዮርክ እ.ኤ.አ. በ1994 መማርን ለጊዜው የሚያከብድ፣ ዕውቀቱን ግን የሚያጸና ችግር እንዳለ ጽፎ ነበር። ልምምዱን በአንድ ረድፍ ከማስኬድ ማደባለቅ፣ በአንድ ቀን ከመጨረስ በቀናት መለያየት፣ ደግሞ ከማንበብ ራስን መጠየቅ ከዚህ ውስጥ ይገባሉ። አቡጊዳ ከዚህ ውስጥ አንዱን ከወረቀቱ ብዙ ዘመን ቀድሞ በተግባር ይዞታል።

ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው የሰማውን ደግሞ ለማለት ብቻ አይቀመጥም፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፣ እዚያው ይታረማል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችን፣ ካነበቡ በኋላ ጽሑፉን ሳያዩ ለማስታወስ ከሞከሩት ጋር አወዳደሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ለማስታወስ የታገሉት በለጡ። ከአእምሮ አውጥቶ መናገር ራሱ መማር ነው ማለት ነው። በቁርኣን ቤት በእንጨት ሰሌዳው፣ በሎህ፣ ላይ የተጻፈውን በቃሉ ለመምህሩ አሰምቶ ከዚያ በኋላ የሚያጥበው ልጅም ይህንኑ ያደርጋል።

የድሮውን ላሞግስ አይደለም። ዱላው ነበረ። ሴት ልጅ በአብዛኛው ከደጅ ቀርታለች። ትርጉሙ ሳይገባ ዓመታት የሚነበብ ነገርም ነበረ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያ ቤት መሣሪያውና የአእምሮው ዕውቀት በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። ገበታውን የያዙት የኔታ ልጁ የት ላይ እንደሚሳሳት ያውቁ ነበር።

■ የሳጥኑ ተስፋ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1913 ቶማስ ኤዲሰን መጽሐፍ ከትምህርት ቤት በቅርቡ እንደሚወጣና ተንቀሳቃሽ ፊልም ቦታውን እንደሚይዝ ተነበየ። ፊልሙ መጣ፣ መጽሐፉም አልወጣም። ከዚያ ሬዲዮ መጣ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ኮምፒውተር። የእያንዳንዱ ተስፋ ቃል ለቃል ይመሳሰላል።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳጥኑና ሥነ ልቦናው ለአንድ አፍታ ተገናኝተው ነበር። የሃርቫርዱ ቢ.ኤፍ. ስኪነር በ1953 የልጁን የሂሳብ ክፍል ሊጎበኝ ሄዶ ያየው ነገር አስደነገጠው። ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይሠራሉ፤ ልክ ይሁኑ ይሳሳቱ ግን ወዲያው የሚነግራቸው የለም። የቀደመው ተቀምጦ ይጠብቃል፣ የዘገየው ይደናገራል። ስኪነር የማስተማሪያ ማሽን ሠራ፤ ልጁ በራሱ ፍጥነት እየመለሰ ወዲያው ልክ መሆኑን እንዲያይ። ስለ ሰው አእምሮ የነበረው አመለካከት ጠባብ ነው ተብሎ ብዙ ተተችቷል። ያስተዋለው ነገር ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ቆሟል፦ ተማሪው መልስ መስጠት አለበት፣ መልሱም ምላሽ ማግኘት አለበት።

ወደ እኛ እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሚሆኑ የትምህርት ዝግጅቶች ይተላለፉበት ጀመር። ትምህርት በሬዲዮም ለብዙ ትውልድ የታወቀ ድምፅ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ውድ መሣሪያ አልያዘም። የያዘው ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ትንሽ መጽሐፍና ብዙ ወጣት ነው። ትምህርቱ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አገኘ። ዘመቻው ግዳጅም ፖለቲካም የተጫነው ነበር። ብዙ ጎልማሶችም በኋላ የሚያነቡት ነገር ስላጡ የተማሩትን ረስተዋል። ሰው በሚናገረው ቋንቋ፣ ከፊቱ የቆመ ሰው ሲያስተምረው መማር እንደሚችል ግን አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረን አንድ ርካሽ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በኒካራጓ የሂሳብ ትምህርት በሬዲዮ ሲሞከር አዘጋጆቹ አንድ ቀላል ዘዴ ጨመሩ፦ ዝምታ። ሬዲዮው ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ልጆቹ ጮክ ብለው ይመልሳሉ፣ ከዚያ ትክክለኛውን መልስ ይነግራቸዋል። ይህ ዘዴ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተዛመተ፤ በእኛም አገር ለታችኛው የመጀመሪያ ደረጃ የእንግሊዝኛ ትምህርት አገልግሏል። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ከስኪነር ማሽን ትምህርት ወስዶ ነበር ማለት ይቻላል።

■ ሠላሳው ደቂቃ

አሁን ፕላዝማውን በዚህ ዓይን እንየው።

ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ክፍሎችን ቀድታ ስትመረምር አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አገኘች። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። አስተማሪ ፊት አይቶ መጠበቅ ይችላል። ሳተላይት አይችልም። ፕላዝማው ጥያቄ ያወጣል፣ ሰዓቱን ይቆጥራል፣ ልጁ ደብተሩን ሳያወጣ መልሱን አሳይቶ ያልፋል። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጉዳዩን ክፍል ገብተው ያጠኑ ኢትዮጵያውያን የትምህርት ምሁራን ከሁሉ በላይ ያነሡት ቅሬታ ይህንኑ ነበር፦ ፍጥነቱ የማንም ልጅ ፍጥነት አልነበረም፣ መምህሩም ከባለሙያ ወደ ማብሪያ ማጥፊያ ጠባቂ ወረደ።

ሁለተኛው ነገር የአእምሮ ሸክም ነው። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው አዲስ ነገር ጥቂት መሆኑን ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 በዝነኛ ጽሑፉ አሳይቷል። አውስትራሊያዊው ጆን ስዌለር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን ወደ ትምህርት አመጣው፦ ሸክሙ ሲበዛ መማር ይቆማል። እስቲ የሐዋሳን ልጅ አስቡ። ቤት ሲዳምኛ ይናገራል፣ ገበያ አማርኛ ይናገራል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ስለ ፍጥነትና ስለ ጉልበት በእንግሊዝኛ፣ በማያውቀው አነጋገር፣ በማይቆም ስክሪን ይነገረዋል። ፊዚክሱ ከመድረሱ በፊት ጆሮው ደክሟል። በዘመኑ ጥሩ መምህራን ያደርጉት የነበረው ነገር ይህን ያረጋግጣል፦ በተተወላቸው ጥቂት ደቂቃ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ «ያለው ነገር ምን መሰላችሁ» ብለው ያስረዱ ነበር። የተማረ ሰው ካለ፣ ብዙ ጊዜ የተማረው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

ሦስተኛው፣ ስርጭቱ ቀጥታ ስለነበር መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ሄደ። መጽሐፍ መልሰህ ትገልጠዋለህ፣ መምህርን ነገ ትጠይቀዋለህ። ያ ሠላሳ ደቂቃ ግን አይመለስም።

■ አሞራ ገደል ምን ያስተምራል?

እዚያው ሐዋሳ፣ ከትምህርት ቤቶቹ ብዙም ሳይርቅ፣ ስክሪን የሌለው ሌላ የመማሪያ ቦታ አለ። ጠዋት ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው ሁሉ ያየዋል። ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይደርሳሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን አጥፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ወጣቶች በቢላ ቆዳውን ገፈው ፊሌቶ ያወጣሉ፣ ሌላው መረብ ይጠግናል፣ ሌላው ዋጋ ይደራደራል። ሥልጠና የሰጣቸው የለም። ከጎን ቆመው አዩ፣ ትንሹን ሥራ ያዙ፣ ሲሳሳቱ ታረሙ፣ ከዚያ ትልቁን ያዙ። ጂን ሌቭ በላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ለማጆች እንዴት እንደሚማሩ አጥንታ ያስተዋለችው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ለማጁ ከመቁረጥ አይጀምርም፤ ቁልፍ ከመትከልና ከማጠናቀቅ ይጀምራል፣ ምክንያቱም እዚያ ቢሳሳት ጨርቁ አይበላሽም። ከኤትየን ዌንገር ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመችው መጽሐፍ መማር ማለት ቀስ በቀስ ወደ አንድ ሥራና ማኅበረሰብ መግባት ነው የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ።

ከዚህም የሚቀርበን የብራዚል ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ሥራ ካራሄርና ባልደረቦቿ በሬሲፌ ከተማ ጎዳና ላይ የሚነግዱ አምስት ልጆችን ሂሳብ ጠየቁ። ኮኮናት እየሸጡ ሲጠየቁ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያንኑ ስሌት በወረቀት፣ በቁጥር ብቻ ሲሰጣቸው ትክክል የሆነው 37 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ግኝቱ ግን በኋላ በሌሎች ጥናቶችም ተደግፏል። ሂሳብ የሚችል ልጅ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ «ሂሳብ አይችልም» ይባላል።

ይህ ማለት ትምህርት ቤት አያስፈልግም፣ ሁሉም ሐይቅ ዳር ይውረድ ማለት አይደለም። የዓሣ ዋጋ የሚያሰላ ልጅ አልጀብራ በራሱ አይወለድለትም። ቶርንዳይክና ዉድዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1901 እንዳሳዩት አንድ ቦታ የተማርነው ወደ ሌላ ቦታ በራሱ አይሻገርም፤ የሚያሻግር ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው መምህሩ ነው። ልጁ ከገበያ ይዞት የመጣውን ስሌት ሰሌዳ ላይ ካለው እኩልታ ጋር የሚያገናኘው እሱ ብቻ ነው። ፕላዝማው ለሁሉም አንድ ቃል ስለሚናገር የአሞራ ገደልን ልጅ አያውቀውም።

■ ላፕቶፑና ታብሌቱ

ከፕላዝማው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ አምስት ሺህ ያህል አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ወደ አገራችን ገቡ፤ «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ነበር። በዚሁ ፕሮጀክት ላይ በፔሩ 319 ትምህርት ቤቶች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በሂሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ እንዳላገኘ ገለጸ፤ በአንዳንድ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎች ላይ ግን መሻሻል ታይቷል።

በዚያው ዓመት የፕሮጀክቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ስለ ኢትዮጵያ ተናግሮ ዓለምን አስገረመ። በወንጪና በወለንጪቲ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማይችሉ ልጆች በሶላር የሚሞሉ ታብሌቶች በታሸጉበት ካርቶን ተሰጡ። አስተማሪ አልነበረም። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ከፈቱት፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፣ በአምስት ወር የተዘጋውን ካሜራ አስከፈቱ አለ። የልጆቹን ብልኅነት የሚጠራጠር የለም፤ የእኛ ልጆች ናቸውና አይደንቀንም። ግን የፊደል መዝሙር መዘመር ማንበብ ነው? የኔታ ይህን ጥያቄ በአቡጊዳ መልሰውታል። ዜማ ያወቀ ሁሉ ፊደል አላወቀም፤ ፊደል ያወቀም ሁሉ አላነበበም።

■ ዛሬስ?

ሪቻርድ ክላርክ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ዘርፉን ያናወጠ ክርክር አነሣ፦ ማሰራጫው ራሱ አያስተምርም፣ ምግብ የሚያመላልስ መኪና የበላተኛውን ጤንነት እንደማይለውጥ ሁሉ። በእኛ ቋንቋ፣ ከሐዋሳ አዲስ አበባ የሚሄደው ዓሣ የሚጣፍጠው በመኪናው አይደለም። እርግጥ መኪናው ማቀዝቀዣ ከሌለው ዓሣው ይበላሻል፤ ስለዚህ መሣሪያ ምንም አይደለም ማለት አልችልም። መኪና መግዛት ግን ዓሣ ማስገር አይደለም።

ለምን ይህን ዛሬ አነሣሁ? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ይህን በፕላዝማ ማመካኘት ልክ አይሆንም፤ ቁጥጥሩ ጠብቋል፣ ጦርነትና ኮቪድም አልፈዋል። ነገር ግን ድንጋጤው አቋራጭ መንገድ እንድንፈልግ ያደርገናል። አሁን የሚቀርብልን አቋራጭ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ስልካችን ውስጥ ያለ «የማይደክም አስተማሪ»።

በቱርክ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ጥናት አለ። ልጆቹ ሂሳብ ሲለማመዱ ቻትቦት ተሰጣቸው፤ የልምምድ ውጤታቸው በ48 በመቶ ከፍ አለ። መሣሪያው ተወስዶ ሲፈተኑ ግን ከናካቴው ካልተጠቀሙት በ17 በመቶ ዝቅ አሉ። መልሱን ሳጥኑ ስለሰጣቸው አእምሯቸው አልታገለም። ለሌላው ቡድን የተሰጠው ቻትቦት መልስ እንዳይሰጥ፣ መምህራን ባዘጋጁት መሠረት ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር፤ በዚያኛው ጉዳቱ በአብዛኛው ጠፋ። ሁለቱም ቡድን የተጠቀመው ማሽን አንድ ነው። ልዩነቱ ስለ መማር የሚያውቅ ሰው እጁን ማስገባቱ ነው።

እንግዲህ ነገ ለትምህርት ቤት ታብሌት፣ ስክሪን ወይም ቻትቦት ሊገዛ ሲባል፣ የወላጅ ኮሚቴ አባልም ሁኑ መምህር፣ የቢሮ ኃላፊም ሁኑ ተማሪ፣ አራት ጥያቄ ጠይቁልኝ። ልጁ መልስ የሚሰጠው መቼ ነው? ሲሳሳት ማን፣ በምን ቋንቋ ያርመዋል? ልጁ ሲዘገይ መሣሪያው ይጠብቀዋል ወይ? መብራት ሲጠፋ ምን ይቀራል? የሻጩ ሰው ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ ባትሪው ዕድሜ ብቻ ከመለሰላችሁ፣ 1997 እየተመለሰ ነው።

ከበጀቱም መጀመሪያ የሚቆረጠው ለመምህሩ ይሁን። ደመወዙ፣ ሥልጠናው፣ የክፍሉ የተማሪ ብዛት ይቅደም። መሣሪያው ከዚያ በኋላ በእጁ ይግባ፤ እሱ በመሣሪያው እጅ አይግባ። ገበታውን የያዙት የኔታ ሳለ ነው አቡጊዳ የተገኘው።